ሳይጣሉ የታረቁ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አበጋዝ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለደንብ ብቻ አይደለም፤ በነሐሴ በላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ኮቱ ሰፍቶህ አይቻለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ጠዋት አሁንም በአንድ ሰዓት ተኩል ክራቫቴን አስራለሁ፤ ካሰርሁ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

ለጠየቅኸኝ መልስ፦ አዎን፣ ድርሰቶቻችሁን አልጣልኋቸውም። ያንተም አለ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ስለ ባቡር ጣቢያው የጻፍኸው። ያኔ ከዐሥር ሰባት ሰጥቼህ ነበር። አሁን ቢሆን ስምንት እሰጥ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ግን የምጽፈው ታዝዤ ነው። እናትህ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቴ ገብተው ነበር። «ልጄ ከሰው ሁሉ የሚሰማው እርስዎን ነው» አሉኝ። ጉዳዩን ሳታውቀው አትቀርም። የጎረቤታችሁ ልጅ ኤልፍነሽ ባንክ ቤት ታይፒስት ሆናለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ተስማምተዋል። እናትህ በሰኔ ወደ አንተ ሊልኳት አስበዋል። የቀረው ያንተ ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ እንደ ታዘዝሁት እጠይቅሃለሁ። አንደኛ፣ ልጅቷን ታስታውሳታለህ? ሁለተኛ፣ የምታኖራት ቤት አለህ? ሦስተኛ፣ ትፈልጋለህ?

በቁጥር መልስልኝ።

አስተማሪህ ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 5፣ 1972

ለተከበሩ ጋሼ ኅሩይ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ኮቱ የኔ አይደለም፤ ለፎቶ ተውሼው ነው። ስለዚህ አልከሳሁም፤ ለእናቴም እንዲህ ይበሉልኝ።

አንደኛ፣ ኤልፍነሽን አስታውሳታለሁ። ገመድ ስንዘል ቁጥር የምትይዘው እሷ ነበረች፤ አታጭበረብርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ቤት አለኝ። ከፌርፋክስ ጎዳና ግማሽ ብሎክ ገባ ብሎ አንድ ክፍልና ኩሽና ነው። አከራዬ ሚስስ ጎልድ የሚባሉ አይሁዳዊት ባልቴት ናቸው፤ ከሥር ይኖራሉ። ራዲዮ ከፍ ሳደርግ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እጀታ ይመቱታል። ምንም ድምፅ ካልሰሙ ደግሞ «ታመምክ?» ብለው ደረጃውን ይወጣሉ። ጠዋት በፍሪዌይ ቫን ናይስ ድረስ ድራይቭ አደርጋለሁ። አንድ ትንሽ ፊልም ቤት አለ፤ እዚያ ሌሎች ያነሱትን ፊልም እየቆረጥኩ ቁርጥራጩን እርስ በርስ እቀጥላለሁ። ከሥራ መልስ ኮሌጅ እማራለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ለመመረቂያ የሃያ አምስት ደቂቃ ድራማ መሥራት አለብኝ። እንግሊዝኛው እየዋሸብኝ ስላስቸገረኝ በአማርኛ ጻፍኩት፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ታሪኩ እዚህ አገር ብቻውን ስለሚኖር አንድ ሰው ነው። አልማዝ የምትባል የሚወዳት ሴት ትታው ሄዳለች። እንደ ድሮው በቀይ ቀለም ያርሙልኝ።

መሠረት ሰላም ትላለች። ከኛ ክፍል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ናት፤ ነርስነት እየተማረች ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ ትኖራለች። ስክሪፕቱን ለእርስዎ ልልክ ነው ስላት፣ «ኦኬ፣ ጋሼ ኅሩይ ፌል ነው የሚያደርጉህ» አለችኝ።

ተማሪዎ አበጋዝ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አበጋዝ፣

ደብዳቤህና ጽሑፍህ ደርሰውኛል። ለሦስት ጥያቄ ሁለት መልስ አግኝቻለሁ። የሦስተኛውን ቦታ ክፍት ትቼልሃለሁ።

ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብሁ። በቀይ ያረምሁትን ቅጂ በሌላ ፖስታ እልካለሁ፤ ዋና ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው።

ገጽ 4፦ አልማዝ ከሄደች ሦስት ወር ሆኗታል ትላለህ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሁለተኛው የጢም መላጫ የማን ነው?

ገጽ 7፦ ሰውየው አልማዝ ጥላ የሄደችውን ሸሚዝ ይተኩሳል። አንገትጌው ዐሥራ ስድስት ቁጥር ነው። ሴትዮዋ ግን ቀጭን እንደ ሆነች በገጽ 2 ነግረኸናል።

ገጽ 11፦ ከአልጋው ሥር የተገኘው ጫማዋ 43 ቁጥር ነው።

ገጽ 15፦ አልማዝ በትዝታ ስትመጣ አንድም ጊዜ ፊቷን አናይም። ሌላው ሁሉ ፊት አለው፤ ዳቦ ሻጩ እንኳ አለው።

ገጽ 22፦ ሰውየው ይሞታል። ምክንያት አልተሰጠም። ተማሪ ድርሰቱን እንዴት እንደሚጨርስ ሲጠፋው ሰው ይገድላል፤ አንተ ግን ድሮ እንዲህ አታደርግም ነበር።

ሃያ ስምንት ዓመት ድርሰት አርሜአለሁ። ተማሪ ያላየውን ሲጽፍ ዕቃው ሁሉ ይሳሳታል፤ በክረምት አቧራ ይነሣል፣ በዝግ ቤት ነፋስ ይገባል። ያንተ ዕቃዎች ግን ሁሉም ልክ ናቸው። ሸሚዙን አይተኸዋል። ጫማውንም አይተኸዋል። የተሳሳተችው ሴትዮዋ ብቻ ናት።

እስክትጽፍልኝ እጠብቃለሁ። ለእናትህ «ልጁ ሥራ በዝቶበታል» ብያቸዋለሁ። ይህን ሰበብ ለሁለተኛ ጊዜ ልጠቀምበት አልፈልግም።

ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ፣ ዲሴምበር 17፣ 1972

ጋሼ ኅሩይ፣

ሰላምታዬን ሳላበዛ ልጀምር፤ ካበዛሁ ወኔው ያልቅብኛል።

ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እዚያው አነበብኩት። ገጽ 11 ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ከዚያ «የተሳሳተችው ሴትዮዋ ብቻ ናት» የሚለው ጋ ደረስኩ። ሚስስ ጎልድ መጥተው መስታወቱን እስኪያንኳኩ ድረስ ከመኪናው አልወረድኩም።

ሴትዮዋ የለችም። ሸሚዙ ሬይ የሚባል ሰው ሸሚዝ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ነበርን፤ ባለፈው ፋሲካ ወደ ቺካጎ ሄደ። በክፉ አልተለያየንም። «አንተ እቤት ውስጥ እንኳ ማንም ሳያይህ ትደበቃለህ፤ እኔ ደከመኝ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሶ፣ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ፦ አልፈልግም። ኤልፍነሽን ስለማልወድ አይደለም፤ ሌላ ሴትም ብትሆን ያው ነው። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። እዚህ ስም አውጥተውለታል፤ ጌይ ይሉታል። በበጋ ሆሊውድ ውስጥ በሰልፍ ይወጣሉ፤ ይዘፍናሉ። እኔ ሰልፉን ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው መስዬ።

ሰውየው ለምን ይሞታል ብለው ጠይቀዋል። በሲኒማ ያየሁት እንደኔ ያለ ሰው ሁሉ ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ መጨረሻው ላይ ይሞታል። በሥራዬም እንዲህ ያለ ፊልም ቆርጬ ቀጥያለሁ። ሌላ አጨራረስ ስላላየሁ ነው።

አንዳንዴ ግን እሺ ብል ይሻላል እላለሁ። እምቢ ካልኩ ዕድሜ ልኬን ለምን ስባል እኖራለሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። እናቴ ደስ ይላታል። እሑድ እሑድ እዚህ ያሉ የአገሬ ልጆች ሲሰበሰቡ «አበጋዝ፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ማለት ያቆማሉ።

ይህን አንብበው ባይመልሱልኝ አልቀየምዎትም። ወረቀቱን ይቅደዱት።

አበጋዝ


ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ 1973

ለተከበሩ ጋሼ ኅሩይ፣

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። አልቀየምዎትም ብዬ ነበር፤ አልተቀየምኩም። ስለ ፊልሙ ብቻ ልጻፍልዎት።

አልማዝን አውጥቻታለሁ። አሁን ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ታሪካቸውም ሎስ አንጀለስ ሳይሆን አገር ቤት ነው የሚጀምረው። የኮሌጁ አስተማሪዬ አንብቦት «የሚዋደዱ መሆናቸው አልታየኝም፤ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ አያይዛቸው» አለኝ። እንዲሁ አድርጌ ጻፍኩት። ግን ሳነበው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ ደብዳቤ አጽፋልኛለች። ከፋሲካ በፊት ቃሌን ትፈልጋለች፤ የኤልፍነሽ አባትም ጠብቀው ሰልችቷቸዋል። መልሱን ጽፌዋለሁ። «እሺ» ነው የሚለው። አሽጌው ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እስከ ማርች መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ እልከዋለሁ።

አበጋዝ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አበጋዝ፣

መዘግየቴን ይቅር በለኝ። ታምሜ አይደለም፤ ተቆጥቼም አይደለም። ዘጠኝ ጊዜ ጀምሬ ዘጠኝ ጊዜ ቀደድሁ። «ረቂቃችሁን አትቅደዱ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

በእርማት እጀምራለሁ፤ ይህን ሥራ እችላለሁና። አስተማሪህ ያለው ለአገሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን እጅ ለእጅ መያያዝ ምንም አይናገርም። ፒያሳ ወጥተህ እይ፤ ወታደሩ ከወታደሩ፣ ተማሪው ከተማሪው፣ ባለሱቁ ከደንበኛው ትንሽ ጣቱን አቆላልፎ ነው የሚሄደው። የእኛ ሰው ፊልምህን ቢያይ «ጓደኛሞች» ብሎ ያልፋቸዋል። የጎደለህ ይህ ነው።

ትክክለኛውን ልንገርህ።

በ1938 ዓ.ም. ደሴ ተመድቤ ነበር። እዚያ ለገሠ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ከትምህርት በኋላ እስከ ፖስታ ቤቱ በእግር እንሄዳለን፤ እንደ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘን። አንድ ዓመት ተኩል እንዲሁ ሄድን። ከዚያ አንድ ቀን፣ ምን እንደ ሆነ አልጽፈውም፣ የለገሠ እጅ እጅ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ መያያዝ አልቻልንም። እሱ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔም የኔን ወደ ኋላ አጣመርሁ። የከተማው ወንድ ሁሉ ተያይዞ ሲሄድ፣ ክንድ ያህል ተራርቀን የምንሄድ እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

የሰፈሩ ሰው የተጣላን መሰለው። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በራችንን አንኳኩ። አንዱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ተቀመጡና «እንዲያ የምትዋደዱ ልጆች ምን አገኛችሁ?» አሉን። ምን እንበል? እኔ «በመጽሐፍ ነው» ስል ለገሠ በዚያው ቅጽበት «በውኃ ማሰሮ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ የባሰ ነገር የደበቅን መሰላቸው። ዘበኛው «መጽሐፉ ማሰሮው ውስጥ ገባ ወይ?» ብለው ጠየቁን፤ ከልባቸው ነበር። ለገሠ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ይህን አይተው ተጸጸተ አሉ። በመጨረሻ «ተነሡና ይቅር ተባባሉ» ተባልን። ተባባልን። «ተሳሳሙ» ተባልን። ተሳሳምን። ቆመው መረቁን፤ አንድነታችሁን ያጽና፣ ቤታችሁን ይባርክ አሉን። «ልጅ ውለዱ» አላሉንም እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

በማግሥቱ ሰው እንዳይታዘበን ተያይዘን ወጣን። እስከ ፖስታ ቤቱ ድረስ አልተላቀቅንም።

በ1942 ለገሠ አገባ። ዘመዶቹ አጥብቀው ያዙት፤ እሱም ደከመው። ሚዜው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ጅማ ተዛወረ። ባለቤቱ መልካም ሴት ናቸው። በዐሥረኛው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ለገሠ ገበያ ወጣና ብቻችንን ቀረን። «ጋሼ ኅሩይ፣ እርስዎ ከኔ በፊት ያውቁታል» አሉኝ። «አይመታኝም፤ ክፉ አይናገረኝም፤ ግን በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ነው የሚቀመጠው። እኔ ምን በድዬው ነው?»

ዝም አልሁ። መልሱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። እኒያ ሴት ጥፋቱ የራሳቸው እንደ ሆነ አምነው እስከ ዛሬ አሉ። በዚያ ዝምታ አፍራለሁ። ለገሠን በመውደዴ ግን አላፍርም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ይህን ያህል እንዳይፈጅብህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ ላከው ወይም አትላከው አልልህም። አንድ ነገር ብቻ አስብ። ኤልፍነሽ በዐሥረኛው ዓመት ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ፣ ማን ይሆን ዝም የሚላት?

ገጽ 22ን በተመለከተ፦ ሰውየውን አትግደለው። እኔ አልሞትሁም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ፣ ኤፕሪል 8፣ 1973

ውድ ጋሼ ኅሩይ፣

ደብዳቤዎ ማርች 27 ቀን ደረሰኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ሦስት ወር ሙሉ «አስተማሪዬ ስለ እኔ ምን ይል ይሆን» ስል ቆይቼ፣ አስተማሪዬ ማን እንደነበረ አንድም ቀን አለመጠየቄ አሳፈረኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው የለም። በምትኩ ለኤልፍነሽ ለራሷ ጻፍኩ፤ በባንኩ አድራሻ፣ ቤት እንዳይከፈት። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ እኔ ሴት ማግባት የምችል ሰው እንዳልሆንኩ በሁለት አረፍተ ነገር ነገርኳት። ሁለት አረፍተ ነገር ለመጻፍ አምስት ቀን ወሰደብኝ። ለእናቴ ግን መጻፍ አቃተኝ። እርስዎ ይንገሩልኝ ብሎ መለመን ከባድ ነው፤ ግን እለምንዎታለሁ።

መሠረትንም ነገርኳት። ፓርክ ልታደርግ ስትል ነው የነገርኳት፤ ሞተሩን አጠፋች። «ሶ፣ እኔ አራት ዓመት ስኳኳል የነበረው ለማን ነው?» አለች። ደነገጥኩ። «ቀልዴን ነው። ግማሹን» አለች። መሪውን ስትነካካ ቆየችና «ኦኬ፣ ራበኝ። አንተ ነህ የምትጋብዘው» አለችኝ።

የደሴዎቹን ሽማግሌዎች ፊልሙ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ፈቃድዎን ሳልጠብቅ፣ እምቢ እንዳይሉኝ እየተቻኮልኩ ነው ያነሳኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ የኛ ሰዎች እዚህ የሉም፤ ሁላችንም ተማሪ ነን። ስለዚህ የሚስስ ጎልድን ወንድም ሚስተር ሶልን ለመንኳቸው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ፌርፋክስ ላይ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ነው የሚውሉት። ጋቢ ከመሠረት ተዋስን።

«ምን እንድንል ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

«ተጣልተው የማያውቁ ሁለት ሰዎችን አስታርቁልኝ» አልኳቸው።

«ለምንድን ነው የማይጣሉት?»

«ስለሚዋደዱ ነው።»

«እኔና ሚስቴ ሃምሳ ዓመት ተዋድደን ሃምሳ ዓመት ተጣላን» አሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝና ሌላ አልጠየቁም። ጋቢውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሦስቱም በራሳቸው ቋንቋ በዪዲሽ ተናገሩ፤ አላስቆምኳቸውም። አንደኛውን ሰው ሆኜ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ከጃማይካ የመጣ የድራማ ተማሪ ነው። ድምፁን የቀዳልን ቪንሰንት የሚባል የፊልም ቤቱ ሠራተኛ ነው። ትዕይንቱ ሲያልቅ የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ።

ሰውየው አይሞትም።

አበጋዝ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አበጋዝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ ዘግይቷል። በዓሉን ላለማወክ ብዬ ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

ከኤልፍነሽ ልጀምር። ዐርብ ከሥራ ስትወጣ ደጄ ድረስ መጣች፤ አልገባም አለች። «አውሮፕላን ሳልሳፈር ስለ ነገረኝ አመሰግነዋለሁ ይበሉልኝ» አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለወላጆቿ ራሷ እምቢ ማለቷን ነግራቸዋለች። ያንን ያደረገችው ለአንተ ብላ መሆኑን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ትናንት እናትህ ጋ ሄድሁ። የነገርኋቸውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። አንተን የሚመለከተውን ነገርኋቸው። እኔን የሚመለከተውንም ጨመርሁ፤ ካልጨመርሁ አንተን ብቻ ከሰው ለይቼ ማቆም ይሆንብኝ ነበር። ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «እኔ ልጄን ፊደል እንዲያስቆጥሩልኝ ነበር የሰጠሁዎት» አሉኝ። ሌላም አሉ። እናት ናቸው፤ አልቀየምኋቸውም። ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከአጥሩ በር ሳልደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። «ይህን ብቻ ይጠይቁልኝ» አሉ። «ሲያመው ከአጠገቡ ማን ይቀመጣል?»

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቁጥር አያስፈልገውም። እኔን ለማስደሰት ብለህ አትመልስ። ያለውን ጻፍ።

ኅሩይ


ሎስ አንጀለስ፣ ጁን 10፣ 1973

ውድ ጋሼ ኅሩይ፣

ለእናቴ ያደረጉልኝን ለማመስገን ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ፊልሙ ባለፈው ቅዳሜ በኮሌጁ አዳራሽ ታየ። ከኛ ልጆች ሰባት መጥተው ነበር። ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው እጅ ለእጅ በተያያዘ ሰው መሀል ሲሄዱ ፈረንጆቹ ምንም አልገባቸውም፤ የኛ ልጆች ግን ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። ሽማግሌዎቹ ጋቢ ለብሰው ሲገቡ ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቁት ሚስተር ሶል ናቸው። «ተሳሳሙ» ሲባል ሳቁ ቆመ። መጨረሻው ላይ ሰውየው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብቻውን ቁርሱን ይሠራል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ በልቶ ሥራ ይሄዳል። አለቀ። አስተማሪዬ «ምንም አልሆነም እኮ» አለ። «አዎ፣ አልሆነም» አልኩት።

ከሰባቱ ሁለቱ መብራት ሳይበራ ወጡ። አንደኛው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ነው፤ አሁን ስደውልለት አያነሳም። ይህ ይከብደኛል። ሌሎቹ አምስቱ ቆዩ። መሠረት «ጋቢዬን ከነቡና እድፉ ነው የመለሱልኝ» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ አቀፈችኝ።

አሁን የእናቴ ጥያቄ። ያለውን ጻፍ ብለውኛል፤ ለሷም እንዳለ ያንብቡላት።

እማዬ፣ ሜይ ውስጥ ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ አራት ቀን ተኛሁ። መሠረት ጠዋትና ማታ እየመጣች ትኩሳቴን ለካች፤ አልጠጣም ያልኩትን መድኃኒት አፍንጫዬን ይዛ አጠጣችኝ። አከራዬ የዶሮ ሾርባ አመጡ። ሁለተኛው ቀን ላይ ቪንሰንት መጣ፤ ፊልሙ ላይ ድምፅ የቀዳው ልጅ ነው። ከኩሽና ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ አይናገርም። ጋዜጣውን እያነበበ ዋለ። በማግሥቱም መጣ። ምኔ እንደሆነ ገና አላውቅም፤ እሱም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ድኛለሁ። ወንበሩን ግን ወደ ኩሽና አልመለስኩትም።

ጋሼ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎ ነዎት የጠየቁኝ። እርስዎስ ሲያምዎት፣ ከአጠገብዎ ማን ይቀመጣል?

አበጋዝ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አበጋዝ፣

ጽሕፈቴ ስለ ተበላሸ ይቅርታ። ጋደም ብዬ ነው የምጽፈው።

ጥያቄህ የደረሰኝ ዕለት መልሱ «ማንም» ነበር። እንዲያው በአንዲት ቃል ልጽፍልህ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ዝናብ መትቶኝ ደረቴን አመመኝና ወረቀቱ ባዶውን ሰነበተ። ሐኪም አይቶኛል፤ የሚያሰጋ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። እናትህ ናቸው። ከሚያዝያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስንገናኝ በሌላ በር ይወጣሉ። በፎጣ የተጠቀለለ አጥሚት ይዘዋል። «ታመዋል ብሎ ጎረቤት ነገረኝ» አሉ። ወንበር ላይ ያለውን መጽሐፍ አንሥተው መሬት አስቀመጡና ተቀመጡ። አጥሚቱን እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ «የልጄ መልስ መጣ?» አሉ።

እንዳዘዝኸኝ እንዳለ አነበብሁላቸው። አንድም ቃል አልዘለልሁም። አፍንጫህ የተያዘበት ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። ወንበሩ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

ደስ ብሏቸዋል ብዬ አልዋሽህም። ሰላም ይበሉልኝ አላሉም። መርቀውም አልሄዱም። ዝናቡ እስኪያባራ ግን ተቀመጡ። ሊነሡ ሲሉ «ያ ወንበር ያመጣው ልጅ፣ ስሙ ማን ነው ያሉኝ?» አሉ።

ነገርኋቸው። ደገሙት፤ የመጀመሪያው ፊደል አስቸገራቸው። ቀስ ብዬ ደግሜ ነገርኋቸው። ከበሩ ሳይወጡ ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ሦስተኛውን መንገድ ላይ ሲሉት በመስኮቱ ሰማሁ፤ ልክ ነበር።

ነገ እመጣለሁ ብለዋል።

ኅሩይ